የበሩ ግርጌ ለምን ይበላል?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅት ለሹፌሮች፣ ለረዳቶች፣ ለባለንብረቶች፣ እንዲሁም መኪና ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀሙ ላሉ ሁሉ ነው። ርዕሳችን ጠባብ ነው። ከመኪናው አካል ውስጥ አንድ ስንዝር የማይሞላ ቦታ ብቻ እንመለከታለን፤ የበሩን ግርጌ።

ፍላቂት አስፋልቱ ዳር ቆማችሁ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ልብ ብላችሁ እዩት። ሚኒባሱን፣ አይሱዙውን፣ ቅጥቅጡን፣ ፒክአፑን። ኮፋኖው ያብረቀርቃል፣ ጣሪያው ደህና ነው፣ ፓራፋንጎውም ቢሆን ምንም አይልም። የበሩ ታች ግን ቡናማ ሆኖ ተላልጧል፤ አንዳንዱማ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቷል። ባለቤቱን ብትጠይቁት «ጭቃው ነው የበላው» ይላችኋል። ጭቃው ድርሻ እንዳለው አልክድም። ዋናው ጥፋት ግን ያለው ከላይ በመስታወቱ በኩል ገብቶ መውጫ ባጣው ውሃ ላይ ነው። የበር ዝገት በአብዛኛው ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር ነው። ቀለሙ አብጦ ባያችሁበት ቀን ብረቱ ከውስጥ ሲበላ ከርሟል ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የበሩን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በር አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ከውጭ የምናየው ላሜራ አለ፤ ከውስጥ ደግሞ መስታወት ማንሻውንና ቁልፉን የተሸከመ ሌላ ላሜራ አለ። ሁለቱ የሚገናኙት ጠርዝ ላይ ነው፤ ፋብሪካው የውጩን ላሜራ ጫፍ በውስጠኛው ላይ አጥፎ ይጨፈልቀዋል። ይህ እጥፋት በበሩ ዙሪያ ሁሉ አለ፣ ውሃ የሚወርደው ግን ወደ ታች ስለሆነ የታችኛው እጥፋት ነው መከራውን የሚያየው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር የማይሰፋ ነው፤ እርጥበት አንዴ ከገባበት በቀላሉ አይደርቅም። ቀለምም እዚያ ድረስ በደንብ አይደርስም።

አሁን ዝናብ ዘነበ እንበል። ውሃው በመስታወቱ ላይ ይወርዳል። መስታወቱ ወደ በሩ በሚገባበት ቦታ ላይ አንድ ቀጭን ጎማ አለ፤ ብዙ ሰው ይህ ጎማ ውሃ እንዳይገባ ያደርጋል ብሎ ያስባል። አያደርግም፤ ሊያደርግም አልታሰበም። አዲስ መኪና ላይ እንኳ ውሃ ወደ በሩ ሆድ ይገባል፤ መሐንዲሶቹ ይህን ስለሚያውቁ በበሩ ግርጌ ላይ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ትተውለታል። እንደ መኪናው ዓይነት በአንድ በር ላይ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናሉ። አንዳንዶቹ ክብ ናቸው፣ አንዳንዶቹ እንደ ስንጥቅ ረዘም ይላሉ፤ በትንሽ የጎማ ክዳን የተሸፈኑም አሉ። ውሃው ከላይ ገብቶ ከታች ይወጣል፣ ነገሩ ያልቃል።

የማያልቀው ቀዳዳው ሲደፈን ነው። በጋውን ሙሉ አቧራ በመስታወቱ በኩል ይገባል። ከእሱ ጋር ቅጠል፣ ገለባ፣ የተበጣጠሰ የጎማ ብናኝ ይጨመራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ይህ ሁሉ ታጥቦ ወደ ግርጌው ይወርድና ጭቃ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ በሩ ውሃ የቋጠረ ገንዳ ሆነ ማለት ነው። በሩን ስትዘጉ ከውስጥ የውሃ መንቦጫረቅ የሚሰማችሁ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልጋችሁም።

ብረት፣ ውሃና በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲገናኙ ዝገት ይፈጠራል። ዝገቱ ከበላው ብረት በጣም የሚበልጥ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ እጥፋቱን ከውስጥ እየገፋ ይከፍተዋል፣ ቀለሙን ወደ ውጭ እየነፋ ያላቅቀዋል። በተላቀቀው ቀለም ሥር ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ያድራል። ጨው ካለበት ነገሩ ይብሳል፤ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ዝገቱን ያፋጥነዋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበትኑ በሮቻቸው ቶሎ የሚበሉት በዚህ ነው። እኛ አገር መንገድ ላይ ጨው አንበትንም። ነገር ግን ከአፍዴራ ጨው የሚጭን፣ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ መኪና አለን። ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባ መኪናም የኖረበትን አገር ጨው በእጥፋቱ ውስጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ተሽከርካሪ ያላችሁ ሰዎች ከሌላው ሁለት እጥፍ ተጠንቀቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

የላስታና የመቄት ደጋ ለመኪና በር ምቹ አገር አይደለም። ክረምቱ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ ሰሜን ወሎ በልግም አለው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይረጥባል። በዚያ ላይ ጉሙ አለ። ከጋሸና ወዲህ ጧት ጧት መንገዱን የሚሸፍነው ጉም እንደ ዝናብ አይቆጠርም፣ ነገር ግን ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። ላሜራው ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል፣ በበሩ ሆድ ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱን በብረቱ ላይ ይተፋል። ስለዚህ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል በሩ ከውስጥ ሊላብ ይችላል።

ፀሐዩም ቢሆን አይራራም። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጎማና ፕላስቲክን የሚያደርቀው ጨረር ይበረታል። ቆላ ላይ ለብዙ ዓመት የሚቆይ የመስታወት ጎማ እዚህ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ በኩል ውሃውም አቧራውም ከታሰበው በላይ ይገባል። መንገዱንም አንርሳ። በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራው የወልድያ ወረታ መንገድ፣ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የምንለው፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከዋናው አስፋልት ወጥተው ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች ግን ጠጠር ናቸው። የፊት ጎማ የሚወረውረው ጠጠር የበሩን ታችኛ ጠርዝ ይፈነክታል፣ በተፈነከተው ቀለም በኩል ደግሞ ዝገቱ ከውጭ በኩል ይጀምራል። ባጃጅ ነጂዎች እዚህ ላይ ልትስቁብን ትችላላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ በር የላችሁምና። ወለላችሁን ግን አንድ ቀን ምንጣፉን ገልጣችሁ እዩት።

ውሃ መውጫ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከዚህ አገር የበለጠ ምስክር የለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ ውሃ የሚወስዱ ቦዮች አብረው ተፈልፍለዋል። እነዚህ ቦዮች ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞልተው ቆዩ፤ የተጠረጉት በቅርቡ ዘመን ነው። ቅርሱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዩኔስኮም በውሃ ለደረሰው ጉዳት ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች አንዱ የቦዮቹ መደፈን ነው። ሌላም አለ። በ1940ዎቹ በተደረገ ጥገና አንዳንዶቹን አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ ሬንጅ ቀብተው በላዩ ቀይ ቀለም አለበሷቸው። ሐሳቡ ውሃ እንዳይገባ ነበር። ነገር ግን እርጥበት በድንጋዩ ውስጥ ከተያዘ መውጫ የለውም። በ1960 ዓ.ም. ግድም ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒና አብረውት የነበሩ ሠራተኞች ያንን ሬንጅ ፍቀው ሲያነሱ ብዙ ደክመዋል። ድንጋይና ብረት አንድ አይደሉም፤ የጠጋኙ ስህተት ግን አንድ ነው። የዛገ በር ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም የሚቀባ ሰው ያንኑ እየደገመ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ መከላከሉ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

በሩን ክፈቱና ተንበርክካችሁ ከሥሩ ተመልከቱ። ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ፈልጉ። የተደፈነውን ክፈቱ፤ ሽቦ ብትጠቀሙ ጫፉን አጥፋችሁ ዱልዱም አድርጉት፣ አለበለዚያ የውስጡን ቀለም ጭራችሁ ለዝገት በር ትከፍታላችሁ። እኔ የማምነው በቀርከሃ ስንጥር ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ጭቃው ሲወጣ ጥቁር ውሃ ቢከተለው አትደንግጡ፤ ደስ ይበላችሁ። ከዚያ መስታወቱን ዘግታችሁ ከውጭ በኩል፣ መስታወቱ ወደ በሩ በሚገባበት ጠርዝ ላይ፣ አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ውሃው ከእያንዳንዱ ቀዳዳ መውጣት አለበት። ከአንዱ ብቻ እየወጣ ሌላው ደረቅ ከሆነ ሥራው አላለቀም። በሩን ክፍት አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት።

ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያላችሁ ባለንብረቶች አንድ ነገር ለብቻችሁ ልንገራችሁ። አካሉ አገር ውስጥ በተገጠመ መኪና ላይ በሩ ጭራሽ ማፍሰሻ ቀዳዳ ሳይኖረው ልታገኙት ትችላላችሁ። እንደዚያ ከሆነ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አስበሱለትና የቀዳዳውን ጠርዝ ወዲያውኑ አንቲረስት አስቀቡት።

ላቫጆ ስትገቡ የግፊት ውሃውን ቀጥታ በመስታወቱ ጎማ ላይ እንዳያነጣጥሩት ንገሯቸው። ከታች ግን እንዲያጥቡላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ አጣቢ የሚታየውን ያጥብና የበሩን የታች ጠርዝ ይዘለዋል። ሬዲዮ ሠራተኛ ስፒከር ሲገጥም፣ መካኒክ መስታወት ማንሻ ሲጠግን ከበሩ ውስጠኛ ልባስ ጀርባ ያለውን ስስ ፕላስቲክ ቀዶ እንዳይጥለው ቆማችሁ ጠብቁ። ያ ፕላስቲክ የማሸጊያ ትርፍ አይደለም። በበሩ ሆድ የሚወርደው ውሃ ወደ ወንበሩ በኩል እንዳይመጣ የሚያግደው እሱ ነው። ምንጣፋችሁ ያለምክንያት የሚረጥብ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን።

በሩ ከደረቀ በኋላ ውስጡን ማልበስ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ በቀጭን ቱቦ የሚረጭ ሰም በትልልቅ ከተሞች ይገኛል። ካላገኛችሁ ሰም የማይታጣበት አገር ነው ያለነው። የተጣራ ሰም በንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ አቅልጡ፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ግራሶ ለስለስ ያለ ከሆነ መጠኑ ልክ ነው። ዕቃውን በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጡት እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፤ ቤንዚንም ሆነ አኳራጅ እንዳትጨምሩበት፣ ይቀጣጠላል። ሞቅ እንዳለ በብሩሽ ወይም በመርፌ መውጊያ ሲሪንጅ ወደ ታችኛው እጥፋት አድርሱት። የመስታወቱን ጎማ እንዳይነካው፣ ዘይት ጎማ ያበላሻል። በመጨረሻም ቀዳዳዎቹን እንደገና በስንጥር ውጉ፤ ሰሙ ራሱ ደፍኗቸው እንዳይገኝ።

«የተቃጠለ ዘይትስ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በየጋራዡ የሚደረግ ነው፤ ውሃን በተወሰነ ደረጃ እንደሚያርቅም አልክድም። ነገር ግን ከሞተር የወጣ ዘይት በሥራው ብዛት አሲድና ቆሻሻ ያጠራቀመ ነው፣ ለቆዳም ጎጂ ነው፣ ተንጠባጥቦም መሬት ላይ ይቀራል። የእኔ ፍርድ፦ ተዉት። በአዲስና በተቃጠለው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለአራት በር የሚሆን ዘይት ላይ ይህን ያህል አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ዝገት ቀድሞ የገባበትን በር እንይ። መጀመሪያ መጠኑን መለየት አለባችሁ። እብጠቱን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት። ብረቱ ጠንክሮ ከመለሰላችሁ ይድናል። ካቻቢቴው ከገባ ጉዳዩ የብየዳ ነው፤ ቀለም ቀቢ ዘንድ ሄዳችሁ ገንዘብ አታባክኑ።

የሚድነው በር እንዲህ ይታከማል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ፍቁት። በ80 ቁጥር ጀምራችሁ ወደ 180 እለፉ፣ ጠርዙን በ320 አለስልሱት። ዝገቱ ከሚታየው ቦታ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አልፋችሁ ፍቁ፤ ዝገት በቀለም ሥር ከሚታየው በላይ ሄዶ ነው የሚገኘው። ስንፍና የሚገባው እዚህ ላይ ነው፣ ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ነው።

በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ የቀረውን ዝገት ለማውጣት ፎስፈሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ይቀባል፤ ዝገቱን ቀይሮ ለቀለም የሚመች ጠንካራ ገጽ ያደርገዋል። ጓንት ልበሱ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ። ኮካ ኮላ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ፤ በእርግጥ ፎስፈሪክ አሲድ አለው፣ ግን እጅግ ደካማ ነው፣ ስኳሩንም ትቶ ይሄዳል። ሎሚና አቼቶም ዝገት ይፈታሉ፤ በንጹሕ ውሃ ታጥበው በፍጥነት ካልደረቁ ግን ብረቱ በማግስቱ እንደገና ይዝጋል።

ከዚያ በአኳራጅ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ አንቲረስት ቀቡ። ዚንክ ያለበት ቢገኝ ይመረጣል። የቤታችን ቆርቆሮ ሳይዝግ የሚቆየው በዚንክ ስለተለበጠ ነው፤ ዚንኩ ለብረቱ ተሠውቶ ቀድሞ ይበላል። የመኪና ፋብሪካዎችም ኋላ ላይ ይህንኑ መንገድ ይዘዋል፤ በዚህ ከቀደሙት አንዱ የጀርመኑ ፖርሽ ነበር።

ብረቱን ራቁቱን አታሳድሩት። የፍላቂት ሌሊት የተፈቀ ብረት አይምርም፤ በማግስቱ ቀይ ሆኖ ነው የምታገኙት። ስለዚህ ሥራውን ጤዛው ከደረቀ በኋላ ከረፋዱ 4 ሰዓት ግድም ጀምሩ፣ ቀለም መቀባቱንም ብርዱ ሳይመለስ እስከ 9 ሰዓት ጨርሱ። ቀለምም ስቱኮም በብርድ በደንብ አይጠነክሩም።

ስቱኮ ራሱ ጠላት አይደለም። ጎድጎድ ያለውን ለማስተካከል በንጹሕና በተቀባ ብረት ላይ በስሱ ከተደረገ ያገለግላል። ውሃ የሚመጥ ነገር ስለሆነ በላዩ በደንብ መቀባት አለበት። ቀዳዳ ለመድፈን ግን አልተፈጠረም። ጋዜጣ ወይም ጨርቅ ጠቅጥቀው በላዩ ስቱኮ የሚለጥፉ አሉ፤ መኪናው ጋራዡን ሲለቅ ያምራል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ግን ከነጋዜጣው ይወድቃል።

ቀዳዳ ያወጣው በር የበላውን ክፍል ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ይፈልጋል። የውጭ ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በያጁ በአንድ ትንፋሽ ከዳር ዳር ቢበይደው ይጣመማል። ነጥብ ነጥብ እያደረገ፣ እያቀዘቀዘ ይሂድ። ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀል፣ የበሩ ልባስና ፕላስቲኩ ይውጣ። ብየዳው የውስጡን ቀለም ስለሚያቃጥል፣ ውስጡን አንቲረስትና ሰም ሳያለብሱ መዝጋት አዲስ ዝገት መዝራት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሂሳቡ ሲሰላ ያገለገለ በር መግዛት ይረክሳል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው የምትልኩ ከሆነ፣ በሩን ገልብጦ ግርጌውን ሳያይ ገንዘብ እንዳይከፍል አስጠንቅቁት።

መኪና ለምትገዙም ይኸው ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሩ ግርጌ ላይ አስኪዱት። ላሜራ ካለ ይይዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ካለ ይለቃል። ከበሩ ሥር ያለውን የመኪናውን ወለል ዳር፣ ሰው ሲገባ የሚረግጠውን፣ አብራችሁ ፈትሹ። በር ይለወጣል፤ ያ ግን አካሉን የሚሸከም ብረት ነው፣ እሱ የተበላ መኪና በግጭት ጊዜ ሰው አያድንም።

ይህን ሁሉ ማለቴ ያለምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። እጃችን ላይ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ያገለግለናል። የኤሌክትሪኩም ቢሆን በሩ ያው ላሜራ ነው።

ስለዚህ አድማጮች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በልግና ክረምት ከመግባታቸው በፊት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ኩባያ ውሃና አንድ ስንጥር ይዛችሁ አራቱንም በሮች ፈትሹ። ሚኒባስ ያላችሁ ተንሸራታቹን በር፣ ፒክአፕ ያላችሁ የኋላውን መዝጊያ አትርሱ፤ እነሱም ቀዳዳ አላቸው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)